ጋሽ ደግፌና የአየርላንድ ፖሊሶች

የማኅበራችን ልጅ ምትኩ ከሳን ሆዜ ሥራ ቦታዬ ደውሎ «እትዬ ጽጌ፣ ጋሽ ደግፌ አረፉ» ሲለኝ፣ ከአፌ ቀድሞ የወጣው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ «እንዴት ይሆናል? ሐሙስ ፕሌዘንተን አድርሺኝ ብለውኝ የለም ወይ!» የሚል ነበር። ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩም። አንድ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ጋራዡን ሲያጸዳ አራት ካርቶን የአየርላንድ መጻሕፍት ሊሰጣቸው ቃል ገብቶላቸው፣ እኔ ደግሞ በብቸኛዋ የእረፍት ቀኔ ሾፌር እንድሆን ተወስኖ ነበር። ማን ወሰነ? እሳቸው። ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ውስጥ የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እያለቀስኩም ተናድጄ ነበር። እሳቸውን ያወቀ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም።

ጋሽ ደግፌ ኦክላንድ መሀል ከተማ ውስጥ የአንድ የቢሮ ሕንጻ ሴኩሪቲ ነበሩ። እኔ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ካፌቴሪያ ሾርባና ሳንድዊች አቀርብ ነበር። ቁመታቸው ረጅም፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ በገዛ እጃቸው የተተኮሰ። የሕንጻው ማናጀር ጠዋት ሲገባ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ተረከዛቸውን አጋጥመው ነበር የሚቀበሉት። ሰውየው መጀመሪያ ሰሞን እየደነገጠ ወደ ኋላ ያይ ነበር፤ ከእሱ ኋላ ትልቅ ሰው የሚመጣ መስሎት። ብሬካቸው ሲደርስ ወደ እኔ ይመጡና ሻይ ያዛሉ። ሻዩን አይጠጡትም። መጽሐፍ ይከፍታሉ። ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ተበላሸ ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክላስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ ይሄዱ ነበርና፣ ሰርተፊኬቱን ለማግኘት አንድ የታሪክ ክላስ ይጎድልዎታል ተባሉ። ከሺፍታቸው ጋር የሚገጥመው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ የአየርላንድ ታሪክ።

«አየርላንድ የት እንዳለች ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም። ይሁን፤ ሦስት ወር አይደለም እንዴ?»

ሦስት ወር! እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአየርላንድ ሳንወጣ ቀረን።

መምህሩ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረው የአየርላንድ ገጠር ያስተማራቸው ቀን፣ ፊታቸው ተለውጦ መጡ። እዚያም ጭሰኛ ነበር አሉኝ። ባላባትም ነበር፤ ለንደን ተቀምጦ የመሬቱን ኪራይ በወኪል የሚሰበስብ። ጭሰኛው መክፈል ሲያቅተው፣ ወይም ባላባቱ መሬቱን ለከብት ሲፈልገው፣ ተነሣ ይባላል። አልነሣም ካለ ፖሊስ ይመጣል። ገበሬውም ዝም አይል፤ ፊቱን ሸፍኖ የባላባቱን የሣር ክምር ያነዳል፣ የሬሳ ሣጥን የተሣለበት የማስፈራሪያ ደብዳቤ በበር ሥር ያሾልካል።

«ፖሊሶቹ እኮ ጽጌ፣ ራሳቸው የገበሬ ልጆች ናቸው! በተወለዱበት አውራጃ እንዳይመደቡ ሕጉ ይከለክላል። ለምን? ሰው ዘመዱን አያፈናቅልማ! የማያውቀውን ግን ያፈናቅላል። ይመዝገብ።»

«ይመዝገብ» ልማዳቸው ነበር። ቁም ነገር ተናገርኩ ባሉ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታቸው አንድ ጊዜ መትተው «ይመዝገብ» ይላሉ። እኔ ምን ላይ ልመዝግበው? የሾርባ ጭልፋ ነው የያዝኩት።

«ጋሼ፣ የእነሱ ነገር እርስዎን ምን አገባዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን ሲያንገሸግሸኝ።

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሻምበል ነበርኩ። የፖሊስ። በጃንሆይ ጊዜ እኔም ጭሰኛ አስነሥቻለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

አልነገርኩም። በዚያ ዘመን በእኛ መካከል ማን ምን እንደነበር መጠየቅ ራሱ ጠብ መጫር ነበር። ሁሉም ሰው ከሱዳን ወይም ከጅቡቲ በኩል ሲመጣ አንድ ነገር ጥሎ፣ አንድ ነገር ደብቆ ነው የመጣው። የአንዱ ልጅ በአንዱ የፖለቲካ ድርጅት፣ የሌላው ወንድም በሌላው ተገድሏል። ስለዚህ ዝም እንባባላለን፤ ጸሎት እናደርጋለን፤ ጠላ በሌለበት ጭማቂ እንጠጣለን።

እሳቸው ግን አንድ ነገር መፈለግ ጀመሩ። አንድ እምቢ ያለ ፖሊስ። በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሂድና ያን ቤት አፍርስ ተብሎ ታዝዞ፣ አልሄድም ያለ አንድ ሰው። «አንድ ብቻ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። የሰፈሩን ላይብረሪ ጨረሱ፤ የበርክሊውን ጀመሩ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሾርባ የሚጠብቅ ሰው እስከ በሩ ተሰልፎ እያለ፣ ሰልፉን ጥሰው መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

«አገኘሁት!»

«ጋሼ፣ ሰው ቆሟል!»

«ይቁም! ስሚ፤ አንድ ኮንስታብል፣ ተራ ፖሊስ ማለት ነው፣ በማፈናቀሉ ዋዜማ ጠመንጃውንና ልብሱን ለጣቢያው አስረክቦ ወደ አሜሪካ ሄደ ይላል።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን አልጻፉትም።»

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ወደ አሜሪካ ከሄደ ካሊፎርኒያ ሊመጣ ይችላል፣ ካሊፎርኒያ ከመጣ ኦክላንድ ሊቀበር ይችላል ብለው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መቃብር ቦታ ካልወሰድሽኝ አሉ።

«ስሙን ሳያውቁ መቃብሩን እንዴት ነው የሚያገኙት?»

«የአየርላንድ ስም ያለበትን ሁሉ አነባለሁ።»

«ከዚያስ? ድንጋዩ ላይ ‹እምቢ ያለ› ተብሎ ተጽፏል?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታጣምሚያለሽ። የላይኛውን ረድፍ አንቺ ያዢ።»

የቅዳሴ ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ ነጠላዬን እየሰበሰብኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የማላውቃቸውን የካቶሊክ ሙታን ስም አነበብኩ። በየመቃብሩም አማተብኩ፤ ነፍስ ናትና ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። እሳቸው ከታች ሆነው «እዚያ ጋ ምን አለ?» ይላሉ። እኔ ከላይ ሆኜ «የሞተ ሰው!» እላለሁ።

ማኅበራችን የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ነበር። ዕለቱ ሥራ ቀን ላይ ስለሚውል በሚቀርበው እሑድ፣ በየተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። ጋሽ ደግፌ ይመጣሉ፤ ጸሎቱን ቆመው ያደርሳሉ፤ ዳቦው ተቆርሶ ሰው ወሬ ሲጀምር ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ልጆቹ «ሂር ዊ ጎ»፣ ይኸው ተጀመረ፣ ብለው እየተሳሳቁ ወደ ሌላው ክፍል ይሸሻሉ፤ «አንክል አየርላንድ» ነበር የሚሏቸው። ቴሜስካል ላይ ምግብ ቤት ያላት ትርንጎ ደግሞ አትምራቸውም።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ዛሬ እንኳ አየርላንድን እናሳርፋት!»

«አንቺ ምን ታውቂ። እዚያ አገር አንድ ሰው የተፈናቀለ ጭሰኛን መሬት ከተከራየ፣ ጎረቤቱ እሳት አይሰጠውም፣ ዳቦ አይሸጥለትም፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም።»

«እኛስ ብናደርግብዎት ምን ይመስልዎታል?» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም፤ «ይመዝገብ» ይላሉ።

እማማ አስካለ የመጡት በዚህ መሀል ነው። የምትኩ እናት ናቸው። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጎ ከሱዳን አምጥቷቸው፣ ካምቤል አጠገብ ባለችው አፓርትመንቱ ምድር ቤት ይኖሩ ነበር። ትንሽዬ፣ ጥቁር ሻሽ የማይለያቸው፣ ከተጠየቁት በላይ የማይናገሩ ሴት። ተራው የምትኩ ሆነና ሁላችንም ሳን ሆዜ ሄድን። ጋሽ ደግፌ በእኔ መኪና መጡ፤ መንገዱን ሙሉ ምን እንዳወሩ መናገር አያስፈልገኝም።

ጸሎቱ አለቀ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጀመሩ። «ፖሊሶቹ ሲደርሱ በሩ ይሰበራል። ዕቃው ይወጣል። በመጨረሻ የምድጃው እሳት ይጠፋል። እሳቱ ከጠፋ ቤቱ የባላባቱ ሆነ ማለት ነው። ይመዝገብ።»

«በምን አጠፉት?» አሉ እማማ አስካለ።

ሁላችንም ዞር አልን። ማንም ጋሽ ደግፌን ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«እሳቱን። በምን አጠፉት?»

«እ... በውሃ መሰለኝ። መጽሐፉ አይልም።»

«የእኔን በንፍሮ ነው ያጠፉት» አሉ እማማ፣ የሚያጣጥፉትን ፎጣ ሳይተዉ። «ባላባቱ ትራክተር ገዛ። ጭሰኛ ይነሣ ተባለ። ወንዶቹ እምቢ ብለው የባላባቱን ጎተራ አቃጠሉት። ባሌን ሊያስሩ፣ ቤቴን ሊያፈርሱ መጡ። ንፍሮ ጥጄ ነበር፤ የፖሊሶቹ አለቃ ድስቱን አንሥቶ እሳቱ ላይ ደፋው። ልጆቹ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ይኸ ምትኩ አንዱ ነው።»

«እማዬ፣ በቃሽ» አለ ምትኩ።

«የት አገር ነው እማማ?» አለች ትርንጎ።

«ከናዝሬት ወዲያ፣ ቆላው ላይ። ባሌ ከእስር ሲወጣ ሳንባው አልቆ ነበር። ዓመት አልደገመም።»

ጋሽ ደግፌ ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀመጡ። «ጽጌ፣ እንሂድ» አሉኝ። ጽዋው ሳያልቅ ወጥተው አያውቁም። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ሞኟ፣ ተመስገን፣ ዛሬስ ዐረፍኩ ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ባንኮኒው ላይ መጽሐፍ ሳይይዙ መጡ።

«እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ንፍሮው።»

ጭልፋውን አስቀመጥኩት። «ሊሆን አይችልም። ቢሆን ኖሮ ያውቁዎት ነበር።»

«ያኔ ጢም ነበረኝ፤ ኮፍያ ነበረኝ። ፀጉሬም ጥቁር ነበር። እኔ ግን አወቅኳቸው። ውሰጂኝና እግራቸው ላይ ልውደቅ።»

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ዝም ይበሉ አልኳቸው። ማኅበሩ በቀጭን ክር ነው የተንጠለጠለው፤ ምትኩ ቁጡ ነው፤ ደም ቢቃቡ ማን ይችለዋል? ደግሞስ እኒያ ባልቴት የሻረ ቁስላቸው ቢነካ ምን ይጠቅማቸዋል? ይህን ሁሉ አልኩ። በደንብ ነበር የተናገርኩት፤ ጥንቃቄ ሞልቶኛል።

«እግዚአብሔርን የምትፈሪ ትመስይኝ ነበር» አሉኝ።

«እግዚአብሔርንም እፈራለሁ፣ ማኅበሩንም እፈራለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። በየቀኑ! ከልደት በኋላ ይሻላል አልኳቸው። ልደት አለፈ። ከጥምቀት በኋላ አልኩ። ጥምቀት አለፈ። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ጾሙ ይውጣ ብላቸው፣ ጣታቸውን ባንኮኒው ላይ መቱ፦ «ይቅርታ በጾም ካልተጠየቀ መቼ ሊጠየቅ ነው?» ነገሩን ለቤተ ክርስቲያናችን ካህን ለአባ ነገርኳቸው። ከአባ ጋር ሆነን ሳን ሆዜ ሄደን፣ ለእማማ አስካለ ያ የፖሊስ አለቃ ማን እንደሆነ ነገርናቸው። የመስኮቱን መጋረጃ ዘጉና «ቅዳሜ ይምጣ» አሉ። ምትኩ ግን፣ «እኔ ቤት ካለሁ ደግ አይሆንም» ብሎ፣ ለዚያ ቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት ያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት በመኪናዬ ልወስዳቸው ብል ጋሽ ደግፌ እምቢ አሉ። በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክመው ነው የሚሄዱት!

«ጋሼ፣ አባም እኮ ድንጋዩ ልብ ነው ብለዋል።»

«አባ ወጣት ናቸው። ድንጋይ ተሸክሞ በመኪና አይኬድም።»

«በባርት ይኬዳል?»

«ባቡር የሕዝብ ነው።»

ከሕንጻው የአበባ መደብ ላይ የጭንቅላት ግማሽ የሚያህል ድንጋይ መርጠው፣ ሰረቁ ተብለው እንዳይጠረጠሩ ከማናጀሩ የፈቃድ ወረቀት አስፈርመው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። እኔ ቀድሜ ደርሼ ከአባና ከእማማ ጋር እጠብቃለሁ። ቀትር ሆነ፤ አልመጡም። አባ በመስኮቱ አዩና «እኅቴ፣ የፖሊስ መኪና ቆሟል» አሉኝ።

ሮጥኩ። ጋሽ ደግፌ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጭነው በሁለት እጃቸው ይዘውት የእግረኛው መንገድ ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ወጣት ፖሊስ የማናጀሩን ወረቀት ያነባል። የሰፈሩ ሰው ፈርቶ ደውሎ ኖሯል።

«ያውቋቸዋል? ደህና ናቸው?» አለኝ ፖሊሱ በትሕትና። «ሊወረውሩት ነው?»

«አይደለም ሰር። ይቅርታ ሊጠይቁበት ነው» አልኩት፤ የተናገርኩትን ለራሴ ሰምቼ አፈርኩ።

ጋሽ ደግፌ ከድንጋዩ ሥር ሆነው በአማርኛ፣ «ጠይቂው፤ አያቱ ከአየርላንድ ነው የመጡት?»

«ጋሼ፣ በማርያም!»

«ጠይቂው ስልሽ!»

ጠየቅኩት። ከፖርቱጋል ነው አለ። «ይሁን» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ፖሊሱ ወረቀቱን መለሰልኝና፣ ይለቀናል ስል፣ ተከትሎን መጣ። እማማ አስካለ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ደግፌ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ።

«እኔ ሻምበል ደግፌ ነኝ። ከአውራጃው በደረሰኝ ትእዛዝ መሠረት፣ የጎተራውን መቃጠል ተከትሎ...» እንደ ሪፖርት ነበር የሚናገሩት። ትእዛዙን ማን እንደፈረመ፣ ስንት ፖሊስ እንደያዙ፣ እምቢ ቢሉ ከሥራ እንደሚባረሩ። «በአየርላንድም ቢሆን...»

«አየርላንዱን ተወው» አሉ እማማ።

ሪፖርቱ እዚያው ላይ ቆመ።

«ቤቱን አፍርስ አሉህ፤ እሺ። ባሌን እሰር አሉህ፤ እሺ፣ ጎተራ ተቃጥሏል። ንፍሮውን ማን አዘዘህ?»

የስንት ዓመት ንባብ አንድ መልስ አላቀበላቸውም። ላባቸው ከግንባራቸው ሲሚንቶው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ፖሊሱ ምን አሉ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማንም» አሉ በመጨረሻ። «ማንም አላዘዘኝም።»

«እና?»

«ልጆቹ ድስቱን ነበር የሚያዩት። ጠመንጃ ይዘን ገብተን፣ እኔን የሚያየኝ አልነበረም። ተናደድኩ።»

እንደ ወጉ ቢሆን ይቅር ባዩ ነው ድንጋዩን በእጁ የሚያነሣው። እማማ አስካለ አልነኩትም። «አሁን ተናገርክ» አሉ። «አውርደው።»

አወረዱት። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ሊጸልዩ ሲሉ፣ «ገና ነው አባ» አሏቸው እማማ። ወደ ጋሽ ደግፌ ዞረው፣ «ዛሬ ቤቴ አትገባም። ለፋሲካ ና፤ ያን ጊዜ አያለሁ» አሉና በሩን ዘጉት።

ፖሊሱ ድንጋዩን መኪናዬ ድረስ ተሸከመልን፤ የሕንጻው ንብረት ነውና ካልተመለሰ ብለው ጋሽ ደግፌ አስቸግረው ነበር። መንገድ ላይ ፍሪሞንትን ስናልፍ ወደ እኔ ዞሩ።

«መጻሕፍቱ ላይ ንፍሮ የለም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ያን ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለውን ሰው ስፈልግ...»

«ስፈልግ ምን?»

«ምንም። መንገድሽን እዪ።»

እንዲህ ናቸው! በማይፈለጉበት ቀን ሁሉ ይናገራሉ፤ ለመስማት ጆሮዬን በሰጠሁበት በአንዱ ቀን መንገድሽን እዪ።

ለፋሲካ ሄድን። ምትኩ በሩን ከፈተልን፤ ለጋሽ ደግፌ ግን እጅ አልሰጣቸውም። እማማ አስካለ ለአባ አቀረቡ፤ ለእኔ አቀረቡ፤ ከላይ ፎቅ ለወረደችው ሜክሲኳዊት ጎረቤት ሳይቀር አቀረቡ። ለጋሽ ደግፌ አላቀረቡም። እሳቸው በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተከሳሽ ተቀመጡ። ሁለት ወር ሙሉ ከጾምኩት ጾም ይልቅ ያቺ ግማሽ ሰዓት ረዘመችብኝ።

ከዚያ እማማ ከጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። ዶሮው ከእንቁላሉ ጋር ነው። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸውና «ብላ» አሉ።

«እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎ...»

«ብላ!»

«እኔ እኮ የሚገባኝ...»

«ኧረ የማርያም ያለህ! ይኸ ሰውዬ እንዲህ ነው ሁልጊዜ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁልጊዜ ነው እማማ» አልኳቸው።

እማማ ከፊታቸው ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩአቸው። ጋሽ ደግፌ ቆረሱና ጎረሱ። እማማ አስካለ እስኪውጡ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና የራሳቸውን ምሳ መብላት ጀመሩ።